ስለ ቀለጠ ጨው ተመራማሪዋ ዕረፍትና ስለ ዐሥራ አንዱ ሳምንት እገዳ

የኢንስቲትዩታችን የቀለጡ ጨዎች ቤተ ሙከራ ከፍተኛ ተመራማሪ የነበሩት፣ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ጨው» እያሉ የሚጠሯቸው እኅታችን፣ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐርፈዋል። መላው የኢንስቲትዩቱ ሠራተኛ በጥልቅ ሐዘን ላይ ይገኛል። ሐዘናችን ከጸጸት ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ይህ መግለጫ ሁለቱንም ይናገራል።

ወደ ኢንስቲትዩቱ የመጡት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በረዳት ተመራማሪነት ነው። ቤተ ሙከራው ያኔ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለ፣ አንድ ምድጃና አንድ ያረጀ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ብቻ የያዘ ጠባብ ክፍል ነበር። ጨው ሲግል ዐይን የማያየው ብርሃን ይረጫል። እሳቸው በፕላቲኒየም ዝርግ ላይ የማንኪያ ጫፍ የምታህል ጨው አቅልጠው፣ ያን ብርሃን በመሣሪያው እየለቀሙ፣ በውስጡ ያሉት አዮኖች እንዴት እንደሚሳሳቡ ያጠኑ ነበር። ለጎብኚ ሲያስረዱ፣ «ሊቲየም ትንሽ ናት፣ ግን ኃይለኛ ናት፤ ናይትሬትን ይዛ ስትጎትተው መሣሪያው በሚስለው መስመር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል» ይሉ ነበር። «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ነዎት» ላላቸውም «ውሎዬ ከጨው ጋር አይደል!» ብለው ይስቁ ነበር።

ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት የሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት የጨው ቅይጦችን የኢንፍራሬድ መዝገብ አጠናቀው አስረከቡ። ቤተ ሙከራው እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ መዝገብ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ኢንስቲትዩቱ አርባ ቶን የቀለጠ ናይትሬት የሚይዝ የሙቀት ማከማቻ ታንከር ሠራ። በምረቃው ዕለት ጠዋት እሳቸው ከታንከሩ ናሙና ወስደው ሲመረምሩ፣ ናይትሬት እየፈረሰ ናይትራይት ሲሆን የሚወጣው መስመር ከወትሮው ሦስት እጥፍ አድጎ አገኙት። የሙቀት መለኪያው የሚያሳየው አራት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ነው። በዚያ ሙቀት ይህ ጨው አይፈርስም። ሁለተኛ ናሙና ወሰዱ። ያው ሆነ።

ወዲያው ወደ ክፍል ኃላፊው ሄዱ። ኃላፊው የዛሬው ዳይሬክተራችን ናቸው። ሁለቱ በአንድ ዓመት የተቀጠሩ፣ አንተ አንቺ የሚባባሉ ባልደረቦች ነበሩ።

«መለኪያው ሌላ ይላል፣ ጨው ሌላ ይላል። እኔ ጨውን አምናለሁ። ማሞቂያው ይጥፋ» አሉ።

ኃላፊው «መሣሪያሽን አስጠግኚ። እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው» ሲሉ መለሱ። እሳቸው ከበሩ አልንቀሳቀስም ባሉ ጊዜም፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ሲባል አልሰማሽም?» አሏቸው።

«ሰምቻለሁ። እኔን ድንጋይ በሉኝ፤ ሰዎቹን ግን ከታንከሩ ሥር አውጣልኝ።»

በዚያች ሰዓት ዐሥራ አራት ሠራተኞች ከታንከሩ ሥር ወንበር ይደረድሩ ነበር። እሳቸውም ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ገብተው ተረኛውን «ተነሥ ወንድሜ፣ በእኔ ስም ይጻፍ» ብለው አስነሡና ማሞቂያዎቹን በገዛ እጃቸው አጥፍተው የአደጋ ደወሉን ደወሉ። እንግዶቹ ከበር ተመለሱ። ጨው በቧንቧዎቹ ውስጥ ረጋ፤ የሰባት ወር ልፋት ከንቱ ሆነ። የዕለቱ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ «ያለ ሥልጣን ንብረት ላይ ጉዳት በማድረስ» የሚል የእገዳ ደብዳቤ ደረሳቸው።

እገዳው ዐሥራ አንድ ሳምንት ቆየ። ባለቤታቸው እንደነገሩን፣ በየማለዳው ለሥራ ለባብሰው ሳሎን ይቀመጡ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጡ ነበር። አንድ ቀን «ተሳስቼ ቢሆንስ?» ብለው ጠየቋቸው። ባለቤታቸው ሻይ ቀድተውላቸው አጠገባቸው ተቀመጡ።

በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ባለሙያዎች የታንከሩን ልባስ ገፈፉ። የሙቀት መለኪያው ከመያዣው ሾልኮ ቀዝቀዝ ባለ ጥግ ተንጠልጥሏል። በማሞቂያው በኩል ያለው ጨው ከስድስት መቶ ዲግሪ በላይ ግሎ ነበር፤ የታንከሩ ወለል አብጧል፣ ብየዳው ክንድ በሚያህል ርዝመት ተሰንጥቋል። የብየዳ ባለሙያው ስንጥቁን በጣቱ ተከትሎ፣ «ምረቃው ቢካሄድ ኖሮ ለቅሶ ቤት ነበር የምንገናኘው» አለ።

ኢንስቲትዩቱ በሁለት መስመር ደብዳቤ ወደ ሥራ መለሳቸው። ስለ ራሱ ጥፋት ቃል አልተነፈሰም። የእገዳው ደብዳቤ ከግል ማኅደራቸው እንዲነሣ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመለከቱ፤ ሁለቱም ጊዜ መልስ አልተሰጣቸውም። እሳቸው ግን እስከታመሙበት ሳምንት ድረስ አንድም ናሙና ሳይመረምሩ አላሳለፉም።

ባለፈው ወር ዳይሬክተሩ ሆስፒታል ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። እሳቸውም፣ «ለእኔ ብቻ በጆሮዬ አትንገረኝ። ሠራተኛው ሁሉ እንዲያነበው ጻፈው» አሏቸው። ይህ መግለጫ ያ ጽሑፍ ነው። በሕይወት ሳሉ ሊደርሳቸው ይገባ ነበር፤ አልደረሰም።

የእገዳው ደብዳቤ ከትናንት ጀምሮ ተሽሯል። ከእንግዲህ ናሙና የሚያነብ ማንኛውም ባለሙያ አደጋ ካየ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሥራ የማስቆም ሥልጣን አለው።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው፣ ለታላቅ እኅታቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ታላቅ እኅታቸው ለላክንላቸው መልእክት እስካሁን መልስ አልሰጡንም፤ ምክንያታቸውንም እንረዳለን።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል፤ ኢንስቲትዩቱም ዝግ ሆኖ ይውላል። ቤተሰቡ ከፈቀደ ዳይሬክተሩ ይህን መግለጫ በመቃብሩ አጠገብ ራሳቸው ያነባሉ። ካልፈቀደም ከለቀስተኛው ኋላ ቆመው ይሸኛሉ።