ከወረቀቱ የቀረችው የባለሚዛኑ ልጅ

በዚህ ቤተሰብ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉት የሟች ታላቅ ወንድም ናቸው። መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ፣ እጅ ጽሑፋቸው የሚያምር ሰው ናቸው፤ ይህን ማንም አይክድባቸውም። የዛሬውን ግን የጻፈችው የሟች ሚስት ናት። ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና ፊደል ከገደፈች አንባቢ ያርምላት። ነገር ግን አልገደፈችም።

ነገሩ አስራ አራት ዓመት የቆየ ነው። የሟች እናት በተቀበሩ ቀን ለሕዝቡ በታደለው ወረቀት ላይ «አስራ አንድ የልጅ ልጆች ለማየት በቅተዋል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የሟች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአባቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ የአጎቷንና የአክስቶቿን ልጆች በጣቷ ቆጠረች። አስራ አንድ ሞሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ «አባዬ፣ እኔ ስንተኛዋ ነኝ?» አለች። አባቷ ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱና አራት ቦታ አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ሟች ደግ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ዝም አሉ። ይህ ዝምታ ሚስታቸው ጉሮሮ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ኖረ። ሰው ሞተ ተብሎ ውሸት አይጻፍለትም።

ባለሚዛኑ እየተባሉ የሚጠሩት ሟች፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስልሳ አንድ ዓመት፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአምስት ልጆች አራተኛው ነበሩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ሚዛን ጥገና ገቡ። በሃያ አራት ዓመታቸው ከእህል ገበያው በር ፊት ለፊት የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ባለወፍጮው፣ ባለሥጋ ቤቱ፣ መድኃኒት ቀማሚው ሁሉ ሚዛኑን ይዞ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። የሥጋ ቤት ሚዛን ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ከሳህኑ ሥር የተለጠፈውን ማግኔት መንቀል ነበር። ባለቤቱ «ልጆች ናቸው የለጠፉት» ይላል። እሳቸውም «ልጆችህ ጎበዞች ናቸው፣ ይደጉልህ» ብለው ማግኔቱን መሳቢያቸው ውስጥ ይወረውሩታል። ሲያርፉ ከመሳቢያው አርባ ስድስት ማግኔት ተገኝቷል።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ዳቦ ቤት ሊጥ የምታቦካ ልጅ የዳቦ ቤቱን ሚዛን ተሸክማ መጣች። ፈታተው አዩትና «እህቴ፣ ሚዛኑ ጤነኛ ነው፤ የታመመው አሠሪሽ ነው» አሏት። በዚያ ሳቅ ተጋቡ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አልመጣም። ቤታቸው የሚመጣ ዘመድ ከፊቷ በፊት ሆዷን ሰላም ይል ነበር። «ምነው፣ ዛሬም ባዶ ነው?» የምትልም ነበረች፣ የገበያ ዘንቢል የምታይ ይመስል። የምን ሥር እንደሆነ የማይታወቅ፣ የሞተ አይጥ የሚሸት ጥቁር ውሃ በጠርሙስ አምጥተውላት አርባ ቀን ጠጣች፤ አርባውንም ቀን አስመለሳት። ያመጣችው ሴት ደግሞ «ማስመለሱ ጥሩ ምልክት ነው» ብላ ሁለተኛ ጠርሙስ አመጣች።

በመጨረሻ ባልና ሚስቱ አብረው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሟች በሩ በማይዘጋ፣ ወለሉ በረጠበ ሽንት ቤት ለምርመራ ትንሽ ዕቃ ተሰጥቷቸው ሲገቡ፣ ሚስታቸው በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆመች። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እየሣቀ ያያት ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ችግሩ ከሟች ሆኖ ተገኘ። ሌላ ወንድ ቢሆን ወረቀቱን ቀዶ ይጥለው ነበር። እሳቸው በማግሥቱ እናታቸው ቤት ወንድም እህቶቻቸው ምሳ ላይ በተቀመጡበት ቆሙና «ችግሩ የኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሷን ሆድ የሚያይ ዓይን መጥቶ እኔን ይይ» አሉ። ታላቅ ወንድማቸው «ይህ እንግዲህ ማዕድ ላይ የሚወራ ነው?» አሉ።

ያን ዕለት አንዲት ዘመድ ሚስታቸውን ማድ ቤት ጠርታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ «አንቺ ሞኝ፣ ከሌላ ውለጂና የሱ ነው በይው፤ ማን ያውቅብሻል?» አለቻት። ሚስታቸው እጇ ላይ የነበረውን ሰሃን አስቀምጣ እጇን ታጠበች። ይህችው ሴት ናት ኋላ ልጅቷን «ከማን እንደተወለደች የማትታወቅ» ያለቻት። ዛሬም እዚህ መሐል ተቀምጣለች፤ ራሷን ታውቃለች።

የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግን መጀመሪያ እምቢ ያለችው ሚስታቸው እንደነበረች መጻፍ አለበት። ሟችም አልተጫኗትም። አንድ ቀን ግን ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት ከሚያድጉበት ቤት የተሰበረ የሕፃን ሚዛን እንዲጠግኑ ጠሯቸው። ሚዛኑ ለካ ለወራት ስምንት መቶ ግራም ሲጨምር ኖሯል። ጠግነው ለሙከራ አንዲት የሰባት ወር ሕፃን ሲያስቀምጡበት፣ ደህና ናት ስትባል የከረመችው ልጅ ከስታ ተገኘች። ሟች ቤት ገብተው እራት አልበሉም። በማግሥቱ «ሚዛኑ ይዞ እንደሆነ ልይ» ብለው ሄዱ። በሦስተኛውም ቀን ሄዱ። ሁለት ሳምንት ተመላለሱ። ሚዛን እንዲህ አይመላለሱበትም፤ ሚስታቸው ገባት፣ ተከትላቸው ሄደች።

ልጅቷ ጭንቅላቷን ጭርት በልቶት፣ አንገቷ ሥር የኮመጠጠ ወተት ይሸት ነበር። ሚስታቸው ተጸየፈች፤ እውነት ነው። ቢሆንም አቀፈቻት፤ ልጅቷም ትከሻዋ ላይ አስመለሰችባት። ሞግዚቷ ወለል የሚወለወልበት የሚመስል እድፋም ጨርቅ ይዛ ስትመጣ ሚስታቸው «በዚህ ነው አፏን የምትጠርጊያት? አንቺ ፊትሽን በዚህ ትጠርጊያለሽ?» ብላ ጮኸች። ጩኸቷ ግቢውን ሞላው። ሟች ከበሩ ላይ ሆነው «በይ እንግዲህ፣ ለልጅሽ ተጣልተሽ ከጨረስሽ የጉዲፈቻውን ወረቀት እንጠይቅ» አሉ።

ወረቀቱ አስራ አንድ ወር ፈጀ። ልጅቷ ቤት ገባች። አንዳንድ ዘመድ «ጭርቱ ልጆቼን እንዳይዝብኝ» ብሎ መምጣት አቆመ፤ ጭርቱ በሦስት ሳምንት ሲድን እነሱ ግን ሳይመጡ ሁለት ዓመት ቆዩ። ሟች በየሳምንቱ ቅዳሜ ልጃቸውን በሱቁ ሚዛን ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈው ይመዝኗት፣ ክብደቷንም ከሱቁ በር ጀርባ በጠመኔ ይጽፉ ነበር። ስሟንም «ግራሜ» አሏት። በሩን ቀለም ሲያስቀቡ ቀቢውን «እዚህ ጋ እንዳትነካ» ይሉት ነበር። ጽሑፉ ዛሬም አለ፤ ማየት የሚፈልግ ሄዶ ይይ። ግራሜ ዛሬ የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

ሟች ካለፉት ሁለት ዓመታት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ተሠቃዩ። ልጃቸው ሥራዋን ሳታጓድል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግፋ ሱቅ ወስዳ በእህል ሚዛኑ ላይ ታቆማቸውና ከራሷ ቁጥሮች ሥር በጠመኔ ትጽፍላቸው ነበር። ስልሳ፣ አምሳ ስድስት፣ አምሳ አንድ። አንድ ቅዳሜ «ግራሜ፣ የዛሬውን ተይው» አሏት። አልጻፈችውም።

ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሡም። ሚስታቸውን አሮጌ ኮታቸውን አስመጥተው፣ ያን አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጡ። «በእናቴ አስከሬን ፊት ጠብ አላነሣም ብዬ ነው» አሏት። «እናትህማ ሞተው ነበር፤ ይቺ ግን ቁጭ ብላ ትቆጥር ነበር» አለቻቸው። ወረቀቱን እጇ ላይ አስቀመጡና «ልክ ነሽ። የኔን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍ ለወንድሜ እንዳትሰጪ» አሉ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ፣ አረፉ።

ረቡዕ ዕለት ታላቅ ወንድማቸው ማንንም ሳያማክሩ ጽሑፋቸውን ማተሚያ ቤት አስገብተው ነበር። ሚስታቸው ስትደርስ ማሽኑ ጨርሶ ነበር። ወረቀቱ «ልጅ ባይወልዱም አንዲት ልጅ በርኅራኄ አሳድገዋል» ይላል። በርኅራኄ! የመንገድ ውሻ ያበሉ ይመስል። አታሚው «እትዬ፣ ሁለት መቶውም አልቋል እኮ» አላት። «ጥሩ፣ አንድም እንዳይቀር ቁጠርና ስጠኝ» አለችው። ተሸክማ ሠላሳ ሦስት ዓመት ወደምትሠራበት ዳቦ ቤት ወሰደችውና ምድጃው ውስጥ ጨመረችው። በዚያው እሳት የጧቱ ዳቦ ተጋገረ። ከዚያም ሊጥ ማቡኪያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ አሁን የምትሰሙትን ጻፈች።

ሟች ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ። ከኋላቸው ሚስታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አንድ ወንድምና ሦስት እህቶች ትተዋል። እናታቸውም ባረፉ ጊዜ የልጅ ልጆቻቸው አስራ ሁለት ነበሩ፤ የቀደመው ወረቀት በዚህ ታርሟል። ይህን ጽሑፍ ፊታችሁ ቆማ የምታነብላችሁ አስራ ሁለተኛዋ ናት። ድምፅዋ ከተሰበረ እስክትጨርስ ታገሷት፤ የሚያነብላት ሌላ ሰው አይነሣ።

ሚዛኑ የማይዋሽ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደግ እጁ ይቀበልልን።