አባትህ የመረጠው ቴሌቪዥን

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? የሰው ፊት አያሳይህ፤ የያዝከው ሁሉ ይባረክልህ። እኛ ደህና ነን።

በላክልን ብር ቴሌቪዥን ገዛን። አባትህ ግን ሱቁ ውስጥ ኢንተርኔት ያለውን ትልቁን ካልያዝኩ ብሎ ድርቅ አለ። «ምስሉ እንዴት ነው?» ስለው «ጥርት ያለ ነው፤ ኳሷ ሳትቀር ትታየኛለች» አለኝ። ፊት ለፊቱ ያለው ቴሌቪዥን ግን አልበራም ነበር። የኳሱ ድምፅ የሚመጣው ከጎኑ ካለው ነው። ሻጩ አቀረቀረ። እኔም በሰው ፊት ላሳጣው አልፈለግሁም። «ብሩ አይበቃም» ብዬ ትንሿን ቴሌቪዥንና ከኋላዋ ተሰክታ ከኢንተርኔት ፊልም የምታመጣውን መሰኪያ ይዤ ወጣሁ። የተረፈው ለዓይን ሐኪም ነው፤ እሱ ግን «ምን ሆኜ?» እያለ አሻፈረኝ ብሏል።

በቪዲዮ ስትደውል «ከሳህ» የሚልህ እኔ ቀድሜ ሹክ ስለው ነው። እሺ የሚለው አንተን ነው። እባክህ፣ ጨርሶ ሳይጨልምበት ና። በሰላም ያግባህ።

እናትህ