የአውራ ጣቴ ፊርማ

ለወንድሜ ለአብዱልሀኪም፤ አሰላሙ ዐለይኩም። እንደ አገራችን እንደ ሮቢት ሙቀት የበረታ ናፍቆቴ አዲስ አበባ ድረስ ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ማሽላውም አሽቷል።

ጣሊያኖቹ የመንገድ ሥራ ቀጠሩኝ። ጸሐፊው «ምን ተምረሃል?» ሲለኝ ሼህ ኢብራሂም ዘንድ ቁርኣን መቅራቴን ብቻ ነገርኩት። ካንተ ጋር ፈረንሳይኛ የተማርንበትን ቤት አላነሳሁም፤ ዛሬ ፊደል የቆጠረ ሰው ጥያቄ ይበዛበታል። «ፈርም» ቢለኝ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ሳቀብኝና ድንጋይ ፈላጭ አደረገኝ። እፎይ ብዬ ወጣሁ።

እናታችን ደብዳቤህ ከቀረበት ከየካቲት ወዲህ፣ ካንተ አገር መኪና በመጣ ቁጥር ሎሚ ልሽጥ ብላ መንገድ ትወጣለች። አንድም ቀን ሽጣ አታውቅም።

መጻፍ ባይመችህ አውራ ጣትህን ብቻ ወረቀት ላይ አትመህ ላክልን፤ ይበቃናል።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

ወንድምህ ሷሊሕ