ባሕር የማያሳይ ክፍል

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ብርድ ሲገባ የሚጠዘጥዝሽ ጉልበትሽ ዘንድሮስ እንዴት አደረገሽ? አባባስ ሳሉ ለቀቃቸው ወይ? ደቻቱ ማዶ ያሉት ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ፣ ናዝሬትና ልጃችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱም ጋብ ብሎልን ሌሊት ትንሽ ነፋስ ማግኘት ጀምረናል።

እማዬ፣ በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ድምፄ እንቢ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ። የጎረቤታችን የእትዬ ዘቢደር ነገር ነው። ልጃቸው እንድሪያስ ወደ የመን የሚሻገር ጀልባ ላይ ከወጣ ወዲህ ድምፁ እንደጠፋ ታውቂያለሽ። ጀልባዋ ኦቦክ አጠገብ መገልበጧ ከተሰማ በኋላም «ከተረፉት መሃል ይኖራል፤ ሳላየው እርሜን አላወጣም» ብለው ለቅሶ አልቀመጥ አሉ። ልፈልገው ብለው ሲነሱ ባቡር ያሳፈርሻቸውም አንቺው ነሽ።

ከመድረሳቸው በፊት ካናዳ ያለችው ልጃቸው ፅዮናዊት ደወለችልኝ። «ፀግሽ፣ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ የምታመላልስ ሰው ነህና ሆቴሎቹን ታውቃቸዋለህ። ሁለት አይቻለሁ፤ የሚሻለውን አንተ ለይልኝ። እማዬ እንኳን ተመችቷት ትተኛ» አለችኝ። አንዱ ባሕሩ ዳር ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ ዘንባባና መዋኛ አለው። ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ብዙም የማይርቅ አዲስ ፎቅ ነው። እኔ እንግዳ ደጃቸው አድርሼ እመለሳለሁ እንጂ አንዳቸውም ውስጥ አድሬ አላውቅም። የሥራ ባልደረቦቼን ብጠይቅ አንዱ የዚያኛውን ቁርስ፣ ሌላው የዚህኛውን አልጋ አመሰገነ። ናዝሬት ግን «ልጇ ለጠፋባት እናት ሆቴል ይመረጥላታል? እኛ ዘንድ አምጣቸው እንጂ» ብላ ተቆጣችኝ። ምን ላድርግ፣ የልጃቸው ፍላጎት ነው ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ከነጋድ ባቡር ጣቢያ ተቀብዬ መጀመሪያ ባሕሩ ዳር ወዳለው ወሰድኳቸው። ሠራተኛው ክፍሉን ከፍቶ፣ ከሁሉ የሚያምረውን ሊያሳየን መጋረጃውን ወዲያና ወዲህ ገለጠው። እትዬ ዘቢደር ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። ቆመው አዩት፣ አዩት። ከዚያ «ፀጋዬ፣ ይኸ ነው?» አሉኝ። ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ሠራተኛው ደንግጦ ክፍሉን አልወደዱትም ወይ ብሎ በፈረንሳይኛ ሲጠይቀኝ እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸው።

ወደ ሁለተኛው ሄድን። እዚያም ላይኛው ፎቅ ላይ የተያዘላቸው ክፍል ባሕሩን በሁለት በኩል ያያል፤ ዋጋውም ለዚሁ ነው። ደግነቱ ሪሴፕሽን ላይ ያገኘናት ልጅ፣ ኻሊዳ የምትባል፣ ወላጆቿ ከሐረር የመጡ ናቸውና ነገሩን በአማርኛ ነገርኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ቁልፉን ቀይራ በጓሮ በኩል ወዳለው፣ ከቆርቆሮ ጣሪያና ከተሰጣ ልብስ በቀር ምንም ወደማይታይበት ክፍል ራሷ ይዛን ወጣች። ሥራዋን ስትጨርስም ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ፅዮናዊት ስትደውል ተናደደች። «እኔ እኮ ባሕሩን እያየች መንፈሷ ይታደስ ብዬ ነው! ለምን ጓሮ ታስገባታለህ?» አለችኝ። እትዬ ዘቢደር ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «ልጄ፣ እሱን አትቆጪው። ወንድምሽ የገባበት ውሃ ፊት እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» አሏት። ከዚያ ወዲያ ከዚያኛው ጫፍ የሚሰማው ልቅሶ ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ወደ ኦቦክ ስንሄድ በጀልባ አልሳፈርም ስላሉ በታጁራ ዞረን በመኪና ሄድን። መንገዱ ዳር የእኛ አገር ልጆች የውሃ ጄሪካን አንጠልጥለው በዚያ ፀሐይ ይጓዛሉ። እትዬ ዘቢደር መኪናውን አስቁመው ወረዱና የያዝነውን ውሃና ዳቦ አከፋፈሏቸው፤ «ተመለሱ ልጆቼ» እያሉም ለመኗቸው። አንዱ «እናቴ፣ ወደምን እንመለስ?» አላቸው፤ አቀርቅሮም መንገዱን ቀጠለ።

ከአደጋው የተረፉት ባሉበት ሰፈር እንድሪያስ የለም። ያየውም አላገኘንም። በመጨረሻ ከባሕሩ የወጡትን የቀበሩ አንድ የአፋር ሽማግሌ አሉ ተባለና ወደ እሳቸው ሄድን። በአረብኛ ጠየቅኋቸው። እንድሪያስ ዳቦ ቤት ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቱን ጫፍ እንደቆረጠው ታስታውሻለሽ፤ ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ገና ሳልጨርስ የገዛ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ሁለቱን ጣቶች አጠፉ። እትዬ ዘቢደር ትርጉም አላስፈለጋቸውም።

መቃብሩ ጋ ወሰዱን። ድንጋይ የተደረደረበት አሸዋ ነው፤ ስም የለውም። ሽማግሌው «ሃይማኖቱን አላወቅነውም። እንደ ልጃችን አጥበን ቀበርነው። አጥፍተን ከሆነ እናቲቱ ይቅር ትበለን» ብለው እንድነግራቸው ለመኑኝ። ነገርኳቸው። እትዬ ዘቢደር ጎንበስ ብለው የሽማግሌውን እጆች ሳሙ። ከዚያ ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ ይዘውት የኖሩትን ጩኸት የለቀቁት። እማዬ፣ እንደዚያ ያለ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ አያሰማሽ።

ስንመለስ ወደ ሆቴሉ ላደርሳቸው ስታጠፍ «ወዴት ነው? ሰው ያለበት አድርሰኝ» አሉኝ። ፔካ 12 ሰፈር ወዳለው ቤቴ አመጣኋቸው። አሁን ከናዝሬት ጎን ተኝተዋል። ናዝሬት ያኔ ያለችውን ስነግራት ፅዮናዊትም «ናዝሬት ታውቅ ነበር» አለችኝ።

የፊታችን እሑድ በባቡር ይመጣሉ። ይህን ደብዳቤ ቀድሞ የሚደርስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው የሚያመጣልሽ። ለእድሩ ዳኛ ንገሪና ድንኳኑ ተተክሎ ይጠብቃቸው፤ ራሳቸው ናቸው ያዘዙኝ። አገኙት ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ግን እንዳይኖር አደራ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እህቴን ዓለምነሽን ከነልጆቿ ሰላም በይልኝ። የልጅ ልጅሽ እጅ ትነሳለች፤ ናዝሬትም ትስምሻለች። ወንድሜ ጋሻው ሰሞኑን ደውሎ በኦቦክ ስለሚያሻግሩት ሰዎች ጠይቆኝ ነበር። ላንቺ አልነገረሽም ይሆናል። አትቆጪው፤ እኔም ሂድም አትሂድም አላልኩትም። ብቻ እሑድ ባቡር ጣቢያ ሄዶ እትዬ ዘቢደርን እሱ ይቀበላቸው፤ እስከ ድንኳኑም እጃቸውን ይዞ ያድርሳቸው።

ልጅሽ ፀጋዬ

ፔካ 12፣ ጅቡቲ
ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.