የሚያንኮራፋ ጎረቤት ያለው አልጋ

ዓዲላ እህቴ፣ አካም ጅርታ? ፖስት ካርዱ ላይ የምታይው ረጅም ሆቴል ያረፍሁበት እንዳይመስልሽ። እዚያ ለአንድ ሌሊት የሚከፈለው ባቲ ገበያ ፍየል ይገዛል። የዓይን ሐኪሙ እስከ ሐሙስ ቆዪ ስላለኝ፣ ከመሀል አዲስ አበባ በሁለት ታክሲ ርቄ ኮልፌ አልጋ ይዣለሁ።

የፔንሲዮኑ ባለቤት ፊርደውስ የምትባል የደሴ ልጅ ናት። «እናቴ፣ ይኸኛው ክፍል የዝንብ ድምፅ እንኳ አይሰማበትም» አለችኝ።

«እሱን ለሙሽራ ስጪው። የሚያንኮራፋ ጎረቤት ያለው የለሽም?» አልኋት።

ልጅቱ ደነገጠች። ልጄ ሰልማኔ ከሞተ ወዲህ ጸጥ ያለ ቤት እንቅልፍ እንደሚነሳኝ፣ አንቺም ስምንት ወር ሙሉ አጠገቤ እየተኛሽና እያንኮራፋሽ እንዳስተኛሽኝ ነገርኋት። ከንፈሯን መጠጠች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ።

«እንግዲያውስ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አሉ። ግድግዳው ቺፑድ ስለሆነ ከጎናቸው ያለውን ክፍል ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። በግማሽ ዋጋ ውሰጅው።»

ዓዲላ፣ አፉ በይኝ፤ ያንቺ ማንኮራፋት የጨፋ በሬ ከሆነ የእሳቸው የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ነው! አልጋው ራሱ ይንቀጠቀጣል። እኔም ብቻዬን ተኝቼ የሱብሂ ሶላት እስኪያልፈኝ ድረስ አንቀላፋሁ። አፍሬም ደስ ብሎኝም ያለፈኝን ቀዷ ሰገድሁ።

ቦታው አለቀብኝ። ሙህዲንን፣ ሳሚያን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ሾፌሩን እስካሁን በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ዱአ ግን አድርጌላቸዋለሁ፤ አላህ ረጅም ዕድሜ ከነማንኮራፋታቸው ይስጣቸው።

ረቢአ፣ የሰልማን እናት