«ደህና ነኝ» ያልኩበት ቃለ ጉባኤ

ለተከበሩ የሪፈር መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ቀጥ ብዬ እንደቆምኩ አቀርባለሁ፤ ጎንበስ ብዬ እጅ እንዳልነሳ ሐኪም ስለከለከለኝ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎ እንደምን ከርማችኋል? ፈጣሪ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ደረጃ የሚያስወጣ ጉዳይም አያምጣብዎ።

እኔ ዱኒያ ዒብራሂም እባላለሁ። ቀፊራ ገበያ ውስጥ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ሃያ ሦስት ዓመት ልብስ የሰፋሁ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ደግሞ በአንድ እጄ ወገቤን ይዤ የሰፋሁ ሴት ነኝ። ባለፈው ወር ኮሚቴዎ ፊት ቀርቤ ነበር። ከኔ ጋር ያሳለፉት አራት ደቂቃ ስለሆነ ባያስታውሱኝ አልቀየምም።

ጉዳዬን ላስታውስዎ። ወገቤ ሲጀምረኝ እንደ ሰው ሁሉ ታሸሁ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተቀባሁ፣ ሐርላ ድረስ ወጌሻ ፍለጋ ሄጄ ሕመሙ ብሶብኝ ተመለስኩ። በኋላ ዶክተር ናሁሰናይ የሚባሉ ሐኪም ኤምአርአይ አስነስተውኝ፣ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ለስላሳ ትራስ ከቦታው ሾልኮ ወደ ግራ እግሬ የሚወርደውን ነርቭ መጫኑን አስረዱኝ። እንደሳቸው አባባል ወገቡን ከሚያመው ሰው አብዛኛው ሳይቀደድ ይድናል፤ እኔም በመድኃኒትና በእንቅስቃሴ ሕክምና ሦስት ወር ተሞከርኩ። እግሬ መስነፍ ሲጀምር ግን ነገሩ ተለወጠ። አዲስ አበባ በትንሽ ቀዳዳ ገብተው ነርቩን የሚጫነውን ቁራጭ የሚያወጡ ሐኪሞች ስላሉ ቶሎ እንድሄድ ሪፈር ጻፉልኝ፤ ከዘገየሁ ሕመሙ ቢለቀኝ እንኳ እግሬ ላይመለስ እንደሚችልም ነገሩኝ። በጤና መድን ለመታከም የቀረኝ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነበር።

ምስጋናዬ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል።

1ኛ. ወገቡን ያመመውን ሁሉ የሚመረምረውን ኮሚቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ሠላሳ አራቱን ደረጃ በእህቴ በፋርሂያ ትከሻና በብረቱ መደገፊያ ወጥቼ ስደርስ፣ ጸሐፊዎ አቶ ዓብዩ በራሷ እግር ቀርባለች ብለው መዘገቡኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሰው እግር አልተዋስኩም። ከዚያ በኋላ ጀርባ በሌለው አግዳሚ ላይ ሁለት ሰዓት ያስቀመጡን ለምርመራው እንዲረዳ ይመስለኛል።

2ኛ. የወገብ ቀዶ ሕክምና ሰው ሽባ ያደርጋል ብለው በአባትነት ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ለምሳሌ የጠቀሱልኝን ሰውዬ እኔም አውቀዋለሁ። ቅመም ሻጯም ታውቀዋለች፣ ባጃጅ ነጂውም ያውቀዋል፤ ወገቡን ተቀዶ ከአልጋ ሳይነሳ የቀረው ሰውዬ ነው። ስሙን፣ ሰፈሩን ወይም የቀደደውን ሐኪም የሚያውቅ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ዶክተር ናሁሰናይም ቢሆኑ አደጋውን አልደበቁኝም፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ነርቩ ሊጎዳ፣ ሕመሙም ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ነግረውኝ፣ ሳይቀደዱ መቆየትም የራሱ አደጋ እንዳለው ጨመሩልኝ። ሁለቱን አመዛዝኜ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው የወሰንኩት፤ አሁንም እፈራለሁ።

3ኛ. ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ስለ ሰላምታዎ ነው። የአገር ልጅ ነዎትና ገና እንደገባሁ በሶማልኛ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤቴ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ናቸው እያልኩ ለእያንዳንዱ መለስኩ። ሹም ፊት ተጎሳቁሎ መቅረብ ነውር ነውና ፋርሂያ በዒድ የምለብሰውን ድርዕ፣ ስስ የሶማሌ ቀሚሴን፣ አልብሳኝ፣ ሽቶም ረጭታብኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደረሰኝ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፦ «ታካሚዋ በመልካም ገጽታ የቀረበች ሲሆን ደህና መሆኗን ገልጻለች። ስለዚህ የእንቅስቃሴ ሕክምናውን ለሦስት ወር ደግማ ትቅረብ።»

ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህን የጻፈው ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ቢሆን አልፈርድበትም ነበር። እርስዎ ግን እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ለሰላምታ የሚሰጥ መልስ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ነዎት። አባቴ በሞቱበት ቀን ጠዋት ጎረቤት እንዴት አደሩ ቢላቸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ብለው የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሳይደርስ አረፉ። አቶ ዓብዩ አልጋው አጠገብ ቢኖሩ ኖሮ ድነው ወጥተዋል ብለው ይመዘግቡልን ነበር።

4ኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ደከመኝ። ቁጥሩ እዚህ ይብቃ።

ባለፈው ሐሙስ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግሬ ስጨርስ አንዲት ሎሚ ሻጭ ከኋላዬ ጮኻ ጠራችኝ። የግራ ጫማዬ ድልድዩ መሃል ቀርቷል። ማሰሪያው ከእግሬ ላይ ሲለቅ አልተሰማኝም። ሴትየዋ ጫማውን ይዛልኝ መጥታ እግሬን ምን እንደነካው ብትጠይቀኝ፣ እንደ ልማዴ ደህና ነኝ አልኳት፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ሦስት ወር ለእርስዎ የአንድ ሩብ ዓመት ሪፖርት ነው። ለእኔ እግር ግን የቀረው ጊዜ በሙሉ ሊሆን ይችላል። ያለ እግር ደግሞ የስፌት መኪናው አይዞርም፤ ከመስፋት ሌላ ሙያ የለኝም።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፦ ደህና መሆኗን ገልጻለች የምትለውን ያችን አንዲት መስመር ሰርዘው የሐኪሙን ወረቀት ያንብቡልኝ። ከማመልከቻው ጀርባ ተያይዟል፤ እስከ አሁን ያልተገለጠው እሱ ነው።

ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ወገብዎ እንዲጸና፣ ፎቅዎም ዝቅ እንዲል እየተመኘሁ፣ ከግራ እግሬ በቀር በሙሉ አካሌ የማከብርዎ፣

ዱኒያ ዒብራሂም
ልብስ ሰፊ፣ ቀፊራ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ለቀጠሮዬ ዶክተር ናሁሰናይ ዘንድ ሄጄ ነበር። በጀርባዬ አስተኝተው የግራ እግሬን አውራ ጣት ወደ ላይ እንዳነሳ አዘዙኝ፤ እኔም አነሳሁት አልኳቸው። ወደ እግሬ ሲያመለክቱኝ ቀና ብዬ አየሁ፤ ጣቴ ከነበረበት አልተነቃነቀም። ለቃለ ጉባኤዎ እንዲመችዎ ያህል፦ ታካሚዋ ጣቷን ማንሳቷን ገልጻለች።