መብራቱን ያጠፉት እናታችን ናቸው፦ የእትዬ ብሬከር የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና የሆስፒታል አንሶላ ከሚያጥቡት እናታቸው፣ በ1949 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በሚገኘው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ፣ ከሴት ደግሞ የመጀመሪያዋ ነበሩ። አባታቸው ስፌት ሊያስተምሯቸው ብዙ ደከሙ። ልጅቷ የምትወደው ጨርቁን ሳይሆን የስፌት መኪናውን ሞተር መፍታት መሆኑን ሲያዩ ግን እጅ ሰጡ። ፈትተው የገጠሙት ሞተር ከበፊቱ የተሻለ ይሠራ እንደነበር አጎታችን እስከ ዛሬ በኩራት ያወራሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ከተከታተሉ በኋላ በ1966 ዓ.ም. ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው ኤሌክትሪክ አጠኑ። በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ስለነበሩ አንዱ መምህር «መንገድ ስተሽ ነው እዚህ የገባሽው?» ቢሏቸው፣ «መንገዱንስ አውቀዋለሁ፤ ወንበር አሳዩኝ» ብለው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ይህ ጠባያቸው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ለማለዘብ የሞከረ ሁሉ ደክሞት ቀርቷል፤ አባታችንን ጨምሮ። ከእሳቸው፣ ማለትም ከጭነት መኪና ሹፌሩ አባታችን ጋር በ1973 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና እኔን ሴት ልጃቸውን ወለዱ። አባታችን በ1991 ዓ.ም. በሕመም ሲለዩን ሦስታችንንም ብቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አበቁን።

በ1974 ዓ.ም. ድንኳን፣ መድረክና ጊዜያዊ መብራት በሚያከራይ ድርጅት ተቀጠሩ። ዛሬ ተተክሎ ነገ የሚነቀለውን መብራት የሚያከፋፍሉት እነዚያ የብረት ሳጥኖች፣ ጭቃ ላይ የሚጎተቱት ኬብሎች፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ነበሩ። ኬብል የሚዘረጉላቸው የሥራ ባልደረባቸው፣ እኛ ልጆች አያ ጥቅልል የምንላቸው ሰው ናቸው። ሃያ ዓመት ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተዋል።

ስለ ሥራቸው ላስረዳ፤ ሳይገባችሁ ብትቀሩ እናታችን ይቆጡኛል። በአንዱ ሽቦ የሄደ ኤሌክትሪክ በሌላው ሽቦ ሙሉውን መመለስ አለበት። ያልተመለሰው መንገድ ላይ ሾልኳል፤ በተላጠ ኬብል ወይም ውሃ በገባበት ሶኬት በኩል ወደ መሬት ወርዷል ማለት ነው። የሾለከውን ሰው ሳይነካ ወደ መሬት የሚያወርደው ግራውንድ የሚባለው ሽቦ ነው። እናታችን ከሳጥን ሳጥን እየዞሩ የሾለከውን ይለኩ፣ ቁጥሩንም በጠመኔ ክዳኑ ላይ ይጽፉ ነበር። የቀድሞውን አያጠፉም፤ አዲሱን ከሥሩ ይጨምራሉ። ቁጥሩ ከፍ ማለት ከጀመረ አደጋ ሳይደርስ ኬብሉ ይፈለጋል። ማንም ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ሽቅርቅር ብሎ በክራቫት ቢመጣ ማብሪያውን ከማጥፋት ስለማይመለሱ፣ አደጋ ሲመጣ መብራቱን በራሱ በሚቆርጠው መሣሪያ ስም እትዬ ብሬከር ተባሉ። ስሙን ወደዱት።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ዝለሉት ያሉን አሉ። ድርጅቱ ትናንት ሰው ልኮ፣ አበባና አውቶቡስ እንደሚያዘጋጅልን፣ እኛም «በራሳቸው ፈቃድ ሥራቸውን ለቀቁ» ብለን እንድናነብ ጠየቀን። አበባው ይቅርብን። በእግራችን መጥተናል። እናታችን ሥራቸውን አልለቀቁም፤ ተባረሩ።

በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሜዳ ሙሉ ድንኳን ተተክሎ የንግድ ትርኢት ይከፈት ነበር። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ሜዳውን ረግረግ አድርጎታል። የትልቁ ድንኳን ሳጥን ከጠዋት ጀምሮ መብራቱን እየቆረጠ አስቸገረ፤ ክዳኑ ላይ ያለው የጠመኔ ቁጥርም እየጨመረ ሄደ። እናታችን ችግሩ ከወለሉ ሥር ባለው ኬብል ነው፣ ወለሉ ይነሳ፣ መክፈቻው ትንሽ ይዘግይ አሉ። ሥራ አስኪያጁ «እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ አንቺ ደግሞ ወለል ልቆፍር ትያለሽ!» ብለው ጥለዋቸው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ መቁረጡን ተወ። ሁሉም እሰይ፣ ተገላገልን አለ። እናታችን ግን ሲለኩት ባዶ ሆነባቸው፤ ክው አሉ። ያን ያህል ኬብል ጭቃ ላይ ተዘርግቶ ምንም የማይሾልክበት ሳጥን በዕድሜያቸው አላዩም። ሽቦው አልዳነም፤ የሾለከው መውረጃ አጥቶ ነው። ሳጥኑን ሲከፍቱ ግራውንዱ ተፈትቶ፣ ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ አገኙት። የድንኳኑን ብረት በቴስተር ነኩት፤ ቴስተሩ በራ። ወለሉ እንጨትና ምንጣፍ ስለሆነ ውስጥ ላለው ሰው አልታወቀውም። እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ ብረቱን የሚይዝ ሰው ግን ያበቃለታል። የዚያ ሳጥን ማብሪያ እሳት እንዳይነሳ የተሠራ እንጂ ሰው የሚገድለውን ያህል ቢሾልክ የሚቆርጥ አልነበረም። ደጅ ደግሞ የትምህርት ቤት ዘማሪዎች ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አንዳንዶቹ ደክሟቸው ብረቱን ሊደገፉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

እናታችን ማንንም አላስፈቀዱም። ዋናውን ማብሪያ አጠፉት። ትርኢቱ በሙሉ፣ ማይክሮፎኑም ጭምር ዝም አለ። መድረክ ላይ ቆመው ትርኢቱን ይከፍቱ የነበሩት ዋና ዳይሬክተር ግን ንግግራቸውን ቀጠሉ፤ አንድ ሰው ኮታቸውን እስኪጎትታቸው ድረስ ማን እንደሚሰማቸው እግዜር ይወቅ።

ኮሚቴ ተጠርቶ ሳጥኑ ሲከፈት ግራውንዱ በቦታው ጥብቅ ብሎ ታስሮ ተገኘ። እናታችን ልጆቹን ከብረቱ ሊያርቁ በሮጡበት ደቂቃ አንድ ሰው መልሶ አስሮታል። ጉድ ፈላ። እድገት ስለቀረባት ቂም ይዛ አጠፋችው ተባለ። ምቀኛ፣ እብድ፣ ቅሌታም ተባሉ፤ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዚህ ከቆማችሁት መካከልም ያላችሁ አላችሁ። ዛሬ አንገታችሁን ደፍታችኋል፤ ቀና በሉና ስሙኝ፦ እናታችን በሕይወታቸው በቂም ያጠፉት አንድም አምፖል የለም።

እናታችን ግራውንዱን ማን እንደፈታው አውቀው ነበር። ናስትሮውን ወደ ግራ የሚጠቀልል ሰው በድርጅቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። እኛ ልጆቻቸው ስሙን ንገሩን ብለን ብንወተውት፣ «ያደረገው ሰው አፍ አለው፤ ራሱ ይናገር» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ በኋላ ሁለት አሮጌ ሳጥኖች ገዝተው፣ አድሰው፣ በየሠርጉና በየግንባታው እያከራዩ ኖሩ። ክዳናቸው ላይ ጠመኔ አልጠፋም። የቀድሞ ድርጅታቸው በር ፊት ለፊት ቢሮ ተከራይተው ሰሌዳቸውን በትልቁ ሰቀሉ፤ ሌላ ቦታ ጠፍቶ አልነበረም።

በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል ተመላለሱ። ተኝተው እንኳ ከአልጋቸው ሥር የተላጠ ኤክስቴንሽን አይተው ካልተቀየረ መድኃኒት አልውጥም ብለው ነርሶቹን አስጨነቁ። ተቀየረ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት አያ ጥቅልል ቤታችን መጡ። አልቀመጥም አሉ። «ግራውንዱን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ መልሼ ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ መቁረጡ ይቁም ብሎ ጮኸብኝ፣ እኔም እንጀራዬን ፈራሁ። ጻፊው፤ ሲነበብ ቆሜ እሰማለሁ» አሉኝ። ጽፌዋለሁ። እነሆ፣ ቆመዋል። ዝናቡን፣ ጥድፊያውንና የአለቃውን ጩኸት እረዳለሁ። እናቴ አሥራ ሰባት ዓመት ምቀኛ እየተባሉ ሲኖሩ አያ ጥቅልል ዝም ማለታቸውን ግን ይቅር አላልኩም። ገና ነኝ። ሆዴ አልሻረም።

እናታችን ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ አድገው የልጆች ወላጅ የሆኑ ዘማሪዎችን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን፤ እውነቱን ይዘን ለመቆም አቅሙን አይንሳን።

አሁን አስከሬኑን የምትሸከሙ ሰዎች ቦታችሁን ያዙ፦ ሁለቱ ወንድሞቼ፣ አጎቴ፣ አያ ጥቅልል። አያ ጥቅልልን የመረጥኳቸው እኔ አይደለሁም። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ የመረጧቸው እናታችን ናቸው፤ የእሳቸውን ቃል ደግሞ ማንም አይሽርም።